ካላስ የሚባል ልጅ አልነበራቸውም

የጋሽ ሳናን ሞት የሰማሁት አረካ መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ ነው። የተደወለልኝ ከራሳቸው ስልክ ነበርና "ጋሼ! ተሻለዎት?" ብዬ በደስታ ጮህኩ። ድምፁ ግን የሴት ሆነ።

"ሲስተር ብርቱካን እባላለሁ፤ ከሆስፒታል ነው" አለች። "መጨረሻ የደወሉት ወደ እርስዎ ስለሆነ ነው። አባታችን አሁን አርፈዋል።"

ቀጥላም፣ "ካላስ የሚባለው ልጃቸው የት ነው ያለው? ለሱም ይነገረው። መጨረሻ ላይ የጠሩት እሱን ነው" አለችኝ።

ጋሽ ሳና ያሏቸው ሦስት ሴቶች ልጆች ናቸው። ካላስ የሚባል ልጅ አልነበራቸውም። ሲስተሯ የደብረ ማርቆስ ሰው ናት፤ ሶዶ ከተመደበች ዓመት አልሞላትም፤ ከየት ትወቀው? ካላስ በእኛ በወላይትኛ "ጠገብኩ" ማለት ነው።

እንግዲህ ጉዱን እዩልኝ። ጋሽ ሳና የሞቱት በጨጓራ በሽታ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እህል የሚባል አልገባላቸውም። ዘጠኝ ቀን ያልበላ ሰው እንዴት ነው "ጠገብኩ" ብሎ የሚሞተው?

ሶዶ ለቅሶ ቤት ስደርስ ባለቤታቸው እትዬ ዳመነች ድንኳኑ ውስጥ አልነበረችም። ጓዳ ገብታ፣ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ግድግዳውን ታያለች። ባሏን አንቱ እያልኩ እሷን አንቺ ነው የምላት፤ ገና በመጀመሪያው ቀን "አንቱ ብለህ አታስረጀኝ" ብላ ስለተቆጣችኝ ነው።

"ተርቦ ሞተ፣ ታምራት" አለችኝ። "የሰው አገር ሰው ያቀረበለትን ሁሉ ሲበላ ኖሮ፣ ከእኔ እጅ ሳይበላ ሞተ።"

የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የቡላ አጥሚት ሠርታ፣ በዚያች ኩባያ ይዛለት ሄዳ ነበር። "ቆይ" አላት እንጂ አልቀመሰላትም። ትንሿ ልጃቸው አስቴር ከሐዋሳ እየመጣች ስለነበር ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ልትቀበላት መናኸሪያ ወረደች። ስትመለስ አልጋው ተሸፍኗል። ኩባያውም ታጥቦ፣ አፉን ወደታች ተደፍቶ ተቀምጧል።

"ነርሷ ደፍታዋለች" አለች እትዬ ዳመነች። "ምን ታድርግ? የማይበላ ሰው ምግብ ይደፋል።"

ካላስ ማለታቸውን ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የትኩሳት ቅዠት ቢሆንስ? "ባልሽ ሳይበላ ጠገብኩ አለ" ማለት በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። አስቴር ትሪ ይዛ ገባች፤ እናቷ በእጇ መለሰቻት። "እሱ ተርቦ ሄዶ እኔ ልበላ?" አለች። ሁለተኛ ቀን፣ ሦስተኛ ቀን እንደዚያው። ከውኃ በቀር አልቀመሰችም። የደም ግፊት ያለባት ሴት ናት፤ ልጆቿ እርስ በርስ እየተያዩ ማልቀስ ጀመሩ። አሁን የሚያስፈራን የሞቱት ሳይሆን የቀረችው ሆነች።

እኔን ግን ያቺ ቃል አላስተኛ አለችኝ። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ጋሽ ሳና ማን እንደነበሩ መናገር አለብኝ።

የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ደቡብ ሱዳን የሚላኩ ወንጌላውያንን ሶዶ ላይ ሲያሠለጥን ነው። ጋሽ ሳና እዚያ ስድስት ዓመት አገልግለው ለእረፍት መጥተው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነፋስ የሚወስዳቸው የሚመስሉ ሰው ናቸው። ሌሎቹ አስተማሪዎች መጽሐፍ ይዘው ሲገቡ እሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ ይዘው ገቡ። ክፍሉ ጣራ ላይ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ ዓሣ ነው። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በር ላይ ተሰልፏል።

"ወንጌል በሰው ጆሮ ከመግባቱ በፊት፣ በእናንተ ጉሮሮ ነው የሚያልፈው" አሉን። "ቅመሱ።"

እኔ ማለት እናቴ "ይሄ ልጅ በዓይኑ ነው የሚበላው" የምትለኝ ሰው ነኝ። ከቆጮና ከሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ውጪ ዓለም ላይ ምግብ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ወንበር ገልብጬ ወጣሁ። ጋሽ ሳና ከኋላዬ "አንተን ይዤ ነው የምሄደው!" ብለው ጮኹ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ማዕድ ሲቀርብ መጀመሪያ ቀበቶአቸውን አንድ ቀዳዳ ያላላሉ። በጸሎትና በመጀመሪያው ጉርሻ መካከል፣ ሳይደብቁ፣ ባለቤቱ እያያቸው። "እንግዳ ቀበቶውን ካላላላ ለመሄድ የተዘጋጀ ነው" ይሉ ነበር። ያንን ቀጭን ወገብ ሳይ ሁልጊዜ ሳቄ ይመጣል፤ የሚላላው ምን ኖሮ ነው?

ካላስ የሚለውን ታሪክ የነገሩን ያኔ ክፍል ውስጥ ነው።

"መጀመሪያ እንደገባሁ ዴንግ የሚባል ሽማግሌ ቤቱ ጠራኝ። እንደ ገንፎ ያለ የማሽላ ምግብ ቀረበ፤ የሚዝለገለግ የባሚያ ወጥ ፈሶበታል። ሁለት ጊዜ ጎረስኩና አልወርድ አለኝ። ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው ደግሞ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚያወራው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በትሕትና፣ 'ካላስ' አልኩት። ለካ በእነሱ ገበያ በሚነገረው ዐረብኛም ካላስ አለ! 'በቃ፣ አለቀ' ማለት ነው። ዴንግ ሳህኑን አነሳ። ሦስት ወር አላናገረኝም።"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጣታቸውን አንስተው፣ "ስለዚህ የሳህኑ ታች ሳይታይ ካላስ የለም" አሉ። "ታቹ ሲታይ በሉት። ያን ጊዜ በሁለቱም ቋንቋ እውነት ነው።"

እንዳሉትም እኔኑ ይዘውኝ ሄዱ። በጋምቤላ በኩል ተሻግረን፣ ከብት አርቢዎች የሚኖሩበት የወንዝ ዳር መንደር ገባን። በደረስን ዕለት በቅል ወተት ሰጡን፤ የጭስ ጣዕም ያለው ጥሩ ወተት። ግጥም አድርጌ ጠጣሁና "እነዚህ ሰዎች ምን ጎደላቸው?" አልኩ። ቅሉን ያጠቡት በምን እንደሆነ ጋሽ ሳና የነገሩኝ በሳምንቱ ነው። በላም ሽንት! ጮህኩ። "ወተት እንዳይበላሽ ነው" አሉኝ ተረጋግተው። "ውኃ ሲጠፋ የእኛስ አያቶች በምን ያጥቡ እንደነበር ጠይቀህ ታውቃለህ?" ጠይቄ አላውቅም፤ ልጠይቅም አልፈልግም።

ጥፋቴ የደረሰው በሁለተኛው ወር ነው። ዴንግ ቤት ትልቅ ግብዣ ተደረገልን። ሚስቱ በጠዋት ተነስታ የሠራችው ወጥ ቀረበ፤ ያ የሶዶው የደረቀ ዓሣ፣ አሁን ከነወንድሞቹ! ሽማግሌዎች ከበውናል። ጋሽ ሳና ቀበቶአቸውን አላሉ። እኔም ጎረስኩ። ከዚያ ምን ልበላችሁ፣ ሆዴ ከእኔ ጋር ሳይመካከር ወሰነ። አፌን ይዤ ልወጣ ስል አልደረስኩም፤ ደጃፉ ላይ፣ ልጆች ፊት ተፋሁት።

ማንም አልሳቀም። የዴንግ ሚስት ሳህኑን ከፊቴ አንስታ አንዲት ቃል ተናገረች፤ "ካላስ።"

በማግስቱ ወተት የሚያመጣልን ሰው አልመጣም። ሰላምታችንን የሚመልስ ጠፋ። አንድ ጎረቤት፣ መንደሩ ልጁን ይዘህ ሂድ ሊላቸው እንደሚሰበሰብ ለጋሽ ሳና ሹክ አላቸው። ስድስት ዓመት የተከሉትን እኔ በአንድ ጉርሻ ነቀልኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ጋሼ፣ እኔ ልመለስ፣ እርስዎ ይቅሩ" አልኳቸው። ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

በሩቅ ተከተልኳቸው። ዴንግ ደጃፍ ሄደው፣ እኔ የተፋሁበት ቦታ ላይ፣ መሬት ቁጭ አሉ። ዴንግ ወጥቶ ምን ፈልገህ ነው አላቸው።

"የልጄን ድርሻ ልበላ" አሉ። "ሳህኑ ታች አልታየም።"

"ወጥቼ ስመለስ እንዳላገኝህ" ብሎ ሄደ። ጋሽ ሳና አልተነሱም። ፀሐዩ ከመሃል አናት ወደ ምዕራብ ዞረ። ያ ፀሐይ ደግሞ የእኛ የወላይታው የዳሞት ተራራ ፀሐይ እንዳይመስላችሁ፤ ድንጋይ ያበስላል። መጨረሻ ላይ ያቺው ሚስት፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ሳህን አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች። ቀበቶአቸውን አንድ ቀዳዳ አላሉ። በሉ። ጠረጉ። ሳህኑን ዘቅዝቀው አሳዩና "ካላስ" አሉ።

ዴንግ ከወዲያ ሆኖ ሲያይ ኖሯል። ሳቁ አመለጠው።

ያን ጊዜ ጋሽ ሳና እኔን በእጃቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "የዚህን ልጅ አገር ምግብ ልንገራችሁ" አሏቸው። "እናቶቻችን አንድ ተክል ይፍቁና ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩታል። ወራት ከቆየ በኋላ አውጥተን እንበላዋለን።" የዴንግ ሚስት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ተቀብሮ? ሬሳ ነው እንዴ? ኧረ ለዚህ ልጅ ወተት ስጡት፣ ያሳዝናል!" አለች። የምወደውን ቆጮ ሬሳ አስባሉብኝ! ግን መንደሩ በሳቅ ፈረሰ፤ ወተቱም ተመለሰ።

እስከዚያ ድረስ ጋሽ ሳናን ሳይ ሆዳቸው የብረት ነው ብዬ ነበር የማምነው። እግዚአብሔር ለአንዱ ዝማሬ ይሰጣል፣ ለአንዱ ስብከት፣ ለእሳቸው ሆድ ሰጥቷቸዋል። ከእርቁ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሌላ ቤት ዓሣ በልተን እንደወጣን፣ ከኋላዬ ቀሩ። ፍለጋ ተመለስኩ። ከማሽላው ጎተራ ጀርባ ጎንበስ ብለው፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳ ይዘው፣ የበሉትን ሁሉ ያወጡታል። ዓይናቸው ደም ለብሷል። ከጨረሱ በኋላ በእግራቸው አፈር መልሰውበት፣ አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው ዞር ሲሉ አዩኝ።

"ጋሼ! አመመዎት?"

"አላመመኝም።"

"ታዲያ?"

"ዓሣ አልወድም" አሉኝ። እንዲያው እንደ ልጅ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

ስድስት ዓመት! እኔ አንድ ጊዜ ተፋሁ ብዬ ልሞት ደርሻለሁ፤ እሳቸው ስድስት ዓመት ሙሉ እየሳቁ በልተው፣ ሳህን ዘቅዝቀው አሳይተው፣ ጎተራ ጀርባ ብቻቸውን ያወጡት ነበር። ያኔ ያደረብኝ ነገር ፍቅር ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አላውቀውም። የብረት ሆድ ያለው ሰው ቢበላ ምን ይደንቃል?

"ለማንም እንዳትነግር" አሉኝ።

"ለምን ጋሼ? ቢያውቁ እኮ ይበልጥ ይወዱዎታል።"

"የሠራችው ሴት ትሰማለች። ሆድ ይፍጀው።" ከዚያ በራሳቸው ቃል ራሳቸው ሳቁ። "የእኔ ሆድ ግን አልፈጅም አለኝ።"

አሁን ቤታቸው ያለውን ጋሽ ሳናን ተመልከቱልኝ። ተመልሰን ሶዶ ከገባን በኋላ ለምሳ ጠሩኝ። እትዬ ዳመነች ያማረ ምሳ አቀረበች። አንድ ጊዜ ጎርሰው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

"ዳመነች! ጨው!"

"አለው!"

"የለውም!"

"እዚያ ሰው አገር ጨው እየመዘኑ ነው የሚሰጡህ?"

ቀበቶአቸውን አላላሉም፤ ቤታቸው ነዋ። ጨው አነሰ፣ ጨው በዛ፣ ቡላው ቀጠነ፣ አይቡ ኮመጠጠ። ሳህናቸው ላይ ሁልጊዜ ይተርፋል። እትዬ ዳመነች እንግዳ ፊት "ከዚህ ሰው ጋር የኖርኩት በጨው ክስ ነው" ትላለች። እኔ ጎተራውን እያሰብኩ ልፈነዳ ደረስኩ። ወጥተን ሲሸኙኝ፣ "ጋሼ፣ እዚያ ያንን ሁሉ እየዋጡ ለእትዬ ምግብ እንዲህ ይሆናሉ?" አልኳቸው።

ገርሟቸው አዩኝ። "ቤቴ ነዋ! ሰው ቤቱ ካላጉረመረመ የት ሄዶ ያጉረምርም?"

ለእሳቸው ማጉረምረሙ ፍቅር ነበር። ለእትዬ ዳመነች ግን፣ አሁን ኩባያውን ይዛ ስትቀመጥ፣ የቀረላት ይሄ ነው፤ ለባዕድ ሳህን የሚጠርግ ባል፣ የእሷን ቡላ ሳይቀምስ ሞተ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አስቴር "እናቴ ቆማ መሄድ አቃታት" ስትለኝ አላስቻለኝም። ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ሲስተር ብርቱካን ተረኛ ነበረች፤ ልጅ እግር፣ ፈጣን፣ ፊቷ ላይ ድካም ያለባት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት መጀመሪያ ያለችው፣ "ልጁን አገኛችሁት?" ነው።

"ሲስተር፣ ካላስ የሰው ስም አይደለም" አልኳት። "ንገሪኝ፤ ያን ሰዓት ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ጀምረሽ።"

መድኃኒት የጫነችውን ጋሪ አቆመች።

"እማማ እንደወጡ ጠሩኝ። ወደ ኩባያው አመለከቱ። 'አባ፣ ይመልሰዎታል፣ ይቅርብዎ' አልኳቸው። እንቢ አሉ። ቀና አድርጌ ደገፍኳቸው። ከዚያ ወገባቸው ላይ በጣታቸው ይፈልጋሉ፣ ፒጃማውን ይጎትታሉ። ወገባቸውን አሟቸው መስሎኝ ላሻቸው ስል፣ እጄን መለሱት።"

ቀበቶ ፍለጋ ነው። ሲስተሯ ከየት ትወቀው?

"ከዚያስ?"

"በማንኪያ ሰጠኋቸው። አንድ ማንኪያ፣ እረፍት። አንድ ማንኪያ፣ እረፍት። መጀመሪያዋን እንደዋጡ ትንሽ ሳቅ አሉ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ብዙ ጊዜ ወሰደብን። ይበቃዎታል ስላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የሚገርመኝ አንዷም አልተመለሰችም። ሲያልቅ ኩባያውን ዘቅዝቄ ውስጡን እንዳሳያቸው በእጃቸው አሳዩኝ። አሳየኋቸው። ያኔ ነው 'ካላስ፣ ካላስ' ያሉት። ዓይናቸውን ከደኑ፤ የተኙ መስሎኝ ኩባያውን አጥቤ ስመለስ..." ዓይኗ እንባ ሞላ። "እማማ ሲመጡ በጩኸት ወደቁ፤ ሰው ደግፎ ወሰዳቸው፤ የማወራበት ጊዜ አላገኘሁም። ጥፋት ሠራሁ እንዴ?"

"ምንም ጥፋት አልሠራሽም" አልኳት። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እትዬ ዳመነች እንደተውኳት ነበረች፤ ከንፈሯ ደርቋል፣ ኩባያው ጭኗ ላይ ነው። መሬት ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ማንኪያው፣ ስለ ቀበቶው፣ ስለ ሳህን ታች። ለማንም እንዳትነግር ያሉኝንም ተላለፍኩ፤ ስለ ጎተራው ጀርባ ነገርኳት። ጋሼ ይቅር ይበሉኝ።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ኩባያውን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችና ታቹን አየችው።

"ጨው አልነበረውም" አለች።

"ምን?"

"ቡላው። ስጣደፍ ጨው ሳልጨምርበት ነው የወሰድኩት። ቤት ስመለስ ነው ትዝ ያለኝ።" ወደ እኔ ዞረች። "ጨው አላለም?"

"አላሉም። ሳቅ አሉ አለችኝ።"

"እስከ ታች ጠጣው?"

"እስከ ታች።"

"አይ ሳና!" አለች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ታለቅሳለች ስል ለካ እየሳቀች ነው፤ ትስቃለች ስል ደግሞ ታለቅሳለች። "ይሄን ሁሉ ዘመን በጨው ሲከሰኝ ኖሮ! ጨው የሌለውን ቀን ዝም አለኝ?"

አስቴር ድምፁን ሰምታ ሮጣ ገባች። እናቷ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና እጇን ለድጋፍ ሰጠቻት።

"እህል አምጪልኝ" አለቻት። "ጨው እንዳትረሺ።"